ጨዋታ መሀል የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ ከአዲሱ ግራፊክስ ካርድ በፊት የሚጠረጠሩት

አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገጥሞ ጨዋታ መሀል ኮምፒውተሩ የከዳው ሰው እኔ ዘንድ ሲመጣ ፍርዱን ጨርሶ ነው፤ «ካርዱ ብልሹ ነው» ይላል። ሥራዬ ጥገና ነውና ካርዱን የምጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው አጠፋፉን ነው።

ኮምፒውተሩ ከሶኬት እንደተነቀለ ሁሉ በአንድ ጊዜ ድርግም ካለ ወይም ጠፍቶ ራሱን ካስነሣ፣ ምርመራው ለሁሉም ክፍሎች ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ከፓወር ሰፕላዩ ይጀምር። ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፁ ከቀጠለ፣ የካርዱም ማራገቢያ በሙሉ ኃይሉ መጮህ ከጀመረ፣ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም)፣ የኃይል ኬብሉ ወይም ካርዱ ራሱ ነው። ጨዋታው ብቻ ተዘግቶ ዴስክቶፑ ከመጣ ደግሞ ድራይቨሩን፣ ሜሞሪውን ወይም ጨዋታውን ጠርጥሩ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልም፤ ከየት እንደሚጀመር ግን ያመለክታል።

የፓወር ሰፕላዩ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚስትበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ካርዱ 320 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 125 ዋት፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ 650 ዋት ስለሆነ ይተርፋል ብሎ የሚረካ አለ። ድምሩ ልክ ነው። ነገር ግን ካርዱ ያንን 320 ዋት ሳይዋዥቅ አይስብም፤ ለጥቂት የሰከንድ ሺኛ ክፍልፋዮች ከተጻፈለት እጅግ የበለጠ ኃይል በድንገት ይጠይቃል። በዚያች ቅጽበት ደከም ያለ ወይም ያረጀ ፓወር ሰፕላይ አደጋ የደረሰ መስሎት ራሱን ይዘጋል። ኤንቪዲያ 320 ዋት ለሚስበው አርቲኤክስ 3080 የ750 ዋት ፓወር ሰፕላይ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉና ኬዙን ክፈቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒን ማገናኛ 75፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምርለታል። ካርዱ ሁለት ባለ 8 ፒን ማገናኛ ከጠየቀ ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ኬብሎች አምጡለት። ጫፉ ላይ ሁለት ማገናኛ የተንጠለጠለበትን አንዱን ኬብል ለሁለቱም መጠቀም ለትንሽ ካርድ ያስኬድ ይሆናል፤ ለትልቅ ካርድ ግን እኔ አላደርገውም። ኬብል አነሰኝ ብላችሁ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል ፈጽሞ አትሰኩ። ማገናኛው ልክክ ብሎ ቢገባም የውስጥ ሽቦዎቹ አደራደር ሊለያይና ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል።

ባለ 16 ፒን ማገናኛ ያለው ካርድ ከሆነ በደንብ እስኪገጥም ድረስ ግፉት፤ ከዚያ ከጎን በባትሪ መብራት እዩት። በማገናኛውና በካርዱ መካከል የጥፍር ውፍረት ያህል እንኳ ክፍተት መታየት የለበትም። ኬብሉም ከማገናኛው እንደወጣ ወዲያው አይታጠፍ። አርቲኤክስ 4090 በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የቀለጡ ማገናኛዎች የታዩት በዚሁ ቦታ ነው።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከመግዛታችሁ በፊት ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና አለ። አፍተርበርነር በተባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ አውርዱና ያንኑ ጨዋታ ተጫወቱ። መጥፋቱ ከቆመ ጥፋቱ የኃይል ወይም የሙቀት ነው። ሁለቱን ለመለየት ገደቡን መልሱ፣ የኬዙን የጎን ክዳን አንሱና የካርዱን ሙቀት እያያችሁ ተጫወቱ። ካርዱ ሳይግል ከጠፋ ኃይል ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ብቻ ከተሻለው የኬዙ አየር ዝውውር ነው።

ዊንዶውስ ውስጥ የክስተቶችን መዝገብ የሚያሳየውን ኢቨንት ቪውወርን ከፍቶ ከርነል ፓወር 41 የሚለውን ያየ ሁሉ «ፓወር ሰፕላዬ ሞቷል» ይላል። ስሙ አሳስቶት ነው። 41 የሚለው ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ እንደጠፋ ብቻ ነው፤ የማብሪያ ቁልፉን ተጭናችሁ በመያዝ በግድ ብታጠፉትም ያንኑ ይጽፋል። የተሻለ ፍንጭ የሚሰጠው 4101 ነው፤ የስክሪን ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ እንደተመለሰ ይናገራል።

ድራይቨር ከጠረጠራችሁ በላዩ ላይ አዲስ መጫን አይበቃም፣ በተለይ ከኤኤምዲ ወደ ኤንቪዲያ ወይም በተቃራኒው ከቀየራችሁ። አዲሱን ድራይቨር አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ ዊንዶውስ ከኋላችሁ የራሱን እንዳይጭን ኢንተርኔቱን አቋርጡ፣ ዊንዶውስ በአስፈላጊዎቹ ነገሮች ብቻ በሚነሣበት በሴፍ ሞድ ገብታችሁ ዲዲዩ በተባለው ፕሮግራም አሮጌውን ከሥሩ አጽዱ፣ ከዚያ ጫኑ።

አሁንም ካልቆመ ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ ሜሞሪውን የሚያፈጥኑትን ኤክስኤምፒን ወይም ኤክስፖን አጥፉ። ከፍጥነቱ በላይ የሚሠራ ሜሞሪ ከአሮጌው ካርድ ጋር ሰላም የነበረው ፕሮሰሰሩ ብዙ ስለማይደክም ሊሆን ይችላል፤ ፈጣኑ ካርድ ሲመጣ ግን ሁሉም ሥራ ይበዛበታል። ካርዱን በማራዘሚያ ኬብል አቁማችሁ ከሆነ እዚያው ባዮስ ውስጥ የማስገቢያውን (የፒሲአይኢውን) ፍጥነት ከትውልድ 4 ወደ ትውልድ 3 አውርዱ፤ ብዙ የቆዩ ማራዘሚያዎች ለትውልድ 4 አልተሠሩም። በፍጥነት የምታጡት እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ካልፈታው አሮጌውን ካርድ መልሳችሁ ግጠሙ፣ አዲሱን ደግሞ በቂ ፓወር ሰፕላይ ባለው የወዳጅ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። እዚያም ያው ከሆነ ብልሹ ነው ማለት ይቻላል። በዋስትናው መልሱት፤ ዋስትናውን ሊያሳጣችሁ ስለሚችል ከዚያ በፊት ማቀዝቀዣውን አትፍቱ።