የሳን ፍራንሲስኮን ቻይናታውን እንዴት እንደሚጎበኙ፦ ከላይ ይግቡ፣ በበሩ ይውጡ

ብዙ ጎብኚ ቡሽ ጎዳና ላይ ባለው የዘንዶ በር ይገባል፣ ግራንት አቬኑን ይዞ ይሄዳል፣ የመታሰቢያ ዕቃ ይገዛና ይመለሳል። ሱቅ አይቶ ሰፈሩን ሳያይ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ሰፈር ከወርቅ ፍለጋው ዘመን ጀምሮ ቻይናውያን የኖሩበት፣ በሰሜን አሜሪካ ካሉት የቻይና ሰፈሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። በሚገባ ለማየት ጉዞውን ከላይኛው ስቶክተን ጎዳና ይጀምሩ። ነዋሪው የሚገበያየው እዚያ ነው፤ መንገዱም በአመዛኙ ቁልቁለት ስለሚሆን ጉልበት ይቆጥባል።

ከመነሳትዎ በፊት

ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይመድቡ። የሥራ ቀን ይምረጡና ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ግድም (በአሜሪካ አቆጣጠር 9፡30) ይድረሱ፤ ቅዳሜ ስቶክተን መላወሻ የለውም። ወደ 30 ዶላር ያህል በባለ አንድና በባለ አምስት የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፤ ካርድ የማይቀበሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። በሐምሌም ቢሆን ሹራብ አይርሱ፤ ከውቅያኖሱ የሚገባው ጉም ብርድ አለው።

ከኦክላንድ ወይም ከበርክሌይ የሚመጣ ሰው ባርት የተባለውን የአካባቢውን ባቡር ተሳፍሮ ፓወል ጣቢያ ይውረድ። ከዚያ በመሬት ውስጥ መተላለፊያው ወደ ቲ ባቡር ተሻግሮ አንድ ፌርማታ ብቻ ቢሄድ መጨረሻው ቻይናታውን–ሮዝ ፓክ ጣቢያ ነው። መኪና ግድ ከሆነ ከፖርትስማውዝ አደባባይ ሥር ማቆሚያ አለ። ዳገት ላይ ካቆሙ ግን ጎማውን ማዞር በሕግ ግዴታ ነው፤ መኪናው ቁልቁል ከዞረ ጎማው ወደ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ ሽቅብ ከዞረ ወደ መንገዱ። መቀመጫ ላይ ምንም ዕቃ አይተዉ፤ ለአንዲት ጃኬት ሲባል መስታወት ይሰበራል።

ስቶክተንና ቁርስ

ከጣቢያው ወጥተው በስቶክተን ወደ ሰሜን እስከ ብሮድዌይ ይሂዱ። በሕይወት ያለ ዓሣ፣ የደረቀ እንጉዳይ፣ ስሙን የማያውቁት ቅጠላ ቅጠል ይደረደራል። መርካቶን የለመደ ሰው ግፊያው አያስደነግጠውም፤ ዋናው ነገር አሮጊቶቹ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲያልፉ መንገድ አለመዝጋት ነው።

ዲምሰም (በትንንሹ እየተዘጋጀ ከሻይ ጋር የሚበላ የካንቶን ምግብ) ከቀትር በፊት ይብሉ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ጥሩ ጥሩው አልቆ ይጠብቅዎታል። ቆመው በሚገዙበት ቤት በጣት ማሳየት በቂ ነው። የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሲዩ ማይና ቻ ሲዩ ባው የሚሠሩት በአሳማ ነው፤ የሽሪምፕ የሚባለው ሃር ጋው እንኳ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይገባበታል፤ የነጭ ራዲሽ ቂጣውም በውስጡ ቋሊማ አለው። በካንቶኒዝ “ጁ ዮክ” ማለት የአሳማ ሥጋ ነው፤ ስሙን ጠርተው እጅዎን ቢያወዛውዙ ይገባቸዋል። ጾመኛ ከሆኑ “ጃይ” የሚለውን ቃል ይያዙ። ቃሉ ጾምንም ከሥጋ ነፃ የሆነ ምግብንም ይገልጻል፤ ብዙ ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን እንዲህ ያለ ምግብ ይበላሉ። ተቀምጠው ከበሉ፣ ሻይ ሲቀዳልዎ ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ ማድረግ ምስጋና ነው፤ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍተው ከተዉት ደግሞ “ጨምሩልን” ማለት ነው።

ውስጥ ለውስጥ

ወደ ጃክሰን ተመልሰው ቁልቁል ይውረዱና በስተቀኝ ወደ ሮስ መተላለፊያ ይታጠፉ። ቁጥር 56 ላይ ከ1962 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የዕድል ብስኩት፣ ማለትም የዕድል ቃል የተጻፈበት ወረቀት በውስጡ የሚታጠፍበት ብስኩት፣ የሚሠራበት ቤት አለ። ብስኩቱ ከምጣዱ እንደወጣ በትኩሱ ይታጠፋል፤ ጥቂት ሰከንድ ከቆየ ይደርቅና ይሰበራል። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

በዋሽንግተን በኩል ወጥተው ወደ ግራ ትንሽ እንደወረዱ በቀኝ ዌቨርሊ ፕሌስ ይገኛል። ቁጥር 125፣ መጨረሻው ፎቅ ላይ፣ በ1852 የተመሠረተው የቲን ሃው ቤተ መቅደስ አለ። ቲን ሃው የባሕር ተጓዦች ጠባቂ አምላክ ናት፤ ፓስፊክን በመርከብ አቋርጠው በሕይወት የደረሱ ሰዎች ይህን ማስቀደማቸው አያስገርምም። የሚወጣው በደረጃ ብቻ ስለሆነ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል። ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፤ ለመሥዋዕት የቀረበውን ብርቱካን አይንኩ፤ ጥቂት ዶላር ሳጥኑ ውስጥ ያኑሩ። የሚዘጋው በጊዜ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ አይቅጠሩት።

በእነዚህ ሕንፃዎች ብዙ አረጋውያንና ቤተሰቦች ወጥ ቤትና መታጠቢያ እየተጋሩ በአንድ ክፍል ይኖራሉ። በመስኮት የተሰጣ ልብስ የሰው ገመና ነውና ካሜራዎን አያነጣጥሩበት።

ወደ ታች

በዋሽንግተን ግራንትን ተሻግረው ሲወርዱ ቁጥር 743 ላይ ባለ ሦስት እርከን ጣሪያ ትንሽ ሕንፃ ያያሉ። በ1909 የተሠራ የስልክ ማዕከል ነበር። ደዋዮች ቁጥር ሳይሆን ስም ይጠሩ ስለነበር ኦፕሬተሮቹ የደንበኞችን ስም በቃላቸው ያውቁ ነበር። ከታች ፖርትስማውዝ አደባባይ ነው፤ ሽማግሌዎች ካርታና የቻይና ቼዝ ይጫወታሉ፤ አረፍ ይበሉ።

ከዚያ በክሌይ አጭር ዳገት ወደ ግራንት ወጥተው ወደ ግራ እስከ ካሊፎርኒያ ጎዳና ይሂዱ። መስቀለኛው ላይ ቆመው ጣሪያዎቹን ይመልከቱ። ከሚያዝያ 1906 የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት በኋላ የከተማው ሹማምንት ቻይናውያኑን ከመሀል ከተማ ለማስወጣት አስበው ነበር። እንደ ሉክ ቲን ኢላይ ያሉ ነጋዴዎች ቀድመው ገነቡ፤ ነጭ አርክቴክቶች ቀጥረው ጎብኚ የሚስብ ፓጎዳ መሰል ጣሪያ አሠሩ። ሲንግ ቾንግና ሲንግ ፋት የተባሉት ሕንፃዎች የዚያ ብልሃት ውጤት ናቸው። ያው እሳት የከተማውን የልደት መዝገብ ስላቃጠለ፣ “እዚህ ተወልጄ ዜጋ ነኝ” የሚልን ሰው ማስተባበል አስቸጋሪ ሆነ። የ1882ቱ ሕግ የቻይና ሠራተኞችን መግቢያ ዘግቶ ስለነበር፣ ብዙዎች በወረቀት የዜጋ ልጅ ሆነው ገቡ፤ “የወረቀት ልጆች” የተባሉት እነርሱ ናቸው። ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው።

ግራንትን ይዘው እስከ ቡሽ ይውረዱ። በ1970 የተመረቀውን በር አልፈው ዞር ይበሉ፤ ከላይ ያለው ጽሑፍ የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች የሱን ያት-ሴን መፈክር ነው፦ ከሰማይ በታች ያለው ሁሉ የሕዝብ ነው። በቡሽ ወደ ሞንትጎመሪ ከወረዱ ባርት ጣቢያ ቅርብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቻይናውያን ሲደርሱ የባሕሩ ዳርቻ እዚሁ ሞንትጎመሪ አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ፎቆቹ የቆሙበት መሬት ባሕሩ ተሞልቶ የተገኘ ነው።