የመንግሥት ማኅተም ያለበትን የድሮ ሪቮልቨር እንዴት መሰብሰብ ይቻላል?

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ትርዒቶች ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቆሙ ሻጮች ከሽጉጡ ጋር ታሪክም ይሸጣሉ። «የአንድ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር» ይሉዎታል። በወረቀት ካልተደገፈ አንድ ሳንቲም አይጨምሩበት። የሚከፈልበት ብረቱ ላይ ተመትቶ የቀረው ማኅተም ነው፤ እሱም ቢሆን ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ሲስማማ ብቻ።

ለጀማሪ የምመርጠው የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን «ቪክትሪ» ሞዴል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1945 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ በብዛት ስለሠራው ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል፤ ምልክቶቹም ብዙ ናቸው።

ከሁሉ በፊት የሕጉን ጉዳይ ይጨርሱ። በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ከተሠራ 50 ዓመት ያለፈውና የመጀመሪያ አሠራሩ ያልተቀየረ መሣሪያ በቅርስነት ይታያል። ለሰብሳቢዎች የሚሰጠው ፈቃድ ለ3 ዓመት 30 ዶላር ያስከፍላል፤ ከሌላ ግዛት በቀጥታ መግዛት ያስችላል፤ የገዙትንና የሸጡትን መሣሪያ በመዝገብ መያዝ ግን ግዴታ ነው። ነግዶ ለማትረፍ አይሆንም። አንዳንድ ግዛቶች ከዚህ የጠበቀ ሕግ ስላላቸው የሚኖሩበትን አስቀድመው ይጠይቁ። አገር ቤት ይዤው እገባለሁ ብለው ካሰቡ አሁኑኑ ይተዉት፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማስገባትንም መያዝንም ይከለክላል።

ሽጉጡ እጅዎ ሲገባ ጥይት እንደሌለው ራስዎ አይተው ያረጋግጡ፤ ከዚያ ገልብጠው የእጀታውን ግርጌ ይመልከቱ። ማንጠልጠያ ቀለበትና በ«ቪ» ፊደል የሚጀምር መለያ ቁጥር ሊኖር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1944 ወድቆ የተተኮሰ አንድ ሽጉጥ መርከበኛ ከገደለ በኋላ የውስጥ መከላከያው ተሻሽሏል፤ «ኤስ» የሚል ፊደል ከ«ቪ» ጋር ካዩ መሣሪያው ይህን ማሻሻያ ያገኘ ነው። ያው ቁጥር ጥይት በሚይዘው ተሽከርካሪ ክፍል ጀርባ፣ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ቦታ እና በቀኙ የእጀታ እንጨት ውስጠኛ ገጽ ላይ መደገም አለበት። እንጨቱን በጉጠት አይፈልቅቁት። ብሎኑን ጥቂት ዙር አላልተው አናቱን ቀስ ብለው መታ ሲያደርጉት ተቃራኒው እንጨት ራሱ ይነሳል። ሻጩ ይህን እንዳያደርጉ ከከለከለዎት ይለፉት።

ቀጥሎ የአፈሙዙ ርዝመት ይመጣል። ለእንግሊዝና ለጋራ ብልጽግና አገሮች የተላከው 5 ኢንች ሲሆን የሚተኩሰው የ.38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጥይት ነው፤ ለአሜሪካ ኃይሎች የቀረበው ባለ 4 ኢንቹ በ.38 ስፔሻል ይሠራል። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሽጉጦች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አፈሙዛቸው ተቆርጦ፣ የጥይት ቤታቸው ተቦርቡሮ .38 ስፔሻል እንዲቀበሉ ተደርገዋል። ቤቱ ለዚህ ቀጭን ጥይት ሰፊ ስለሚሆን ቀለሁ ሲተኮስ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። የተቆረጠውን ለመለየት የፊተኛውን ማነጣጠሪያ ይዩ፤ ያልተነካው ከአፈሙዙ ጋር አንድ ወጥ ብረት ነው፤ የብየዳ መስመር ካለ ተነክቷል። እንዲህ ያለውን ለስብስብ ብዬ አልገዛም።

አሁን ማኅተሞቹን ያንብቡ። ከተሽከርካሪው ክፍል በላይ ባለው የብረት ድልድይ ላይ ቀደም ያሉት «ዩናይትድ ስቴትስ ፕሮፐርቲ» በሙሉ ቃል ይይዛሉ፤ በኋላ የተሠሩት ደግሞ «ዩ ኤስ ፕሮፐርቲ» ከሚለው ቀጥሎ «ጂ ኤች ዲ» የሚል የተቆጣጣሪው የጋይ ድሩሪ ስም ምሕፃር አላቸው። «.767» እና «3½ ቶን» የሚል ምት ካገኙ ሽጉጡ በእንግሊዝ ለግል ገበያ ሲወጣ የተፈተነ ነው። «ኤፍ ቲ አር» ከሆነ በአውስትራሊያ ሊትጎ ፋብሪካ ታድሷል ማለት ነው። እነዚህ ጉድለት አይደሉም፤ መሣሪያው የት እንደዞረ የሚናገሩ ናቸው።

የተጭበረበረውን ለመያዝ የኪስ ባትሪን ብርሃን በጎን ያብሩበት። ፋብሪካ ውስጥ የተመታ ፊደል በዙሪያው ትንሽ ከፍ ያለ የብረት ከንፈር ይተዋል። ተወልውሎ እንደገና ቀለም የተቀባ ሽጉጥ ላይ ከንፈሩ ጠፍቶ ፊደሉ ሟሙቶ ይታያል። ቀለሙ ሳይነካ የፊደሉ ግርጌ ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ትናንት የተመታ ነው። ኒኬል የተለበጠውንም፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይተዉት፤ ያረጀና የተላላጠ የመጀመሪያ ቀለም ይበልጣል።

ውድ ዋጋ የተጠየቀበት ከሆነ ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽን ክፍያ ፈጽመው ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ሽጉጡ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣና ለማን እንደተላከ ከመዝገብ ይነግሩዎታል። ለርካሹ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከገዙ በኋላ አይወልውሉት። በስሱ ዘይት ቀብተው፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ያስቀምጡት። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አይተዉት፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላዋል።