የጀማሪ ሰብሳቢ ሳንቲሞች አቀማመጥና አደረጃጀት፦ ችግርና መፍትሄ

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረ ሰው ሐሳቡ ሁሉ የጎደለውን በማግኘት ላይ ይሆናል። ያገኘውን የሚያበላሽበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስቀመጫው ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያሉት ምልክቶች ሲታዩ ሳንቲሙን ለማሸት ከመቸኮል በፊት የተቀመጠበትን ዕቃ መመርመር ይገባል።

ምልክት፦ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ ነገር ታየ

በመጀመሪያ አረንጓዴው የሚያጣብቅ ነው ወይስ ደረቅ ዱቄት የሚለው መለየት አለበት፤ መንስኤያቸውም መፍትሄያቸውም የተለያየ ነውና።

የሚያጣብቅ ከሆነ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ የተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ርካሽ የአልበም ኪሶች ከዚህ ፕላስቲክ ስለሚሠሩ፣ ለማለስለሻ የተጨመረባቸው ቅመም ከጊዜ በኋላ እየወጣ፣ ፕላስቲኩም ሲያረጅ አሲድ እየለቀቀ፣ በተለይ መዳብ ያለበትን ሳንቲም ይበላል። ኪሱ ሲታጠፍ ልፍስፍስ የሚል፣ ሲሸተትም እንደ አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሚሸት ከሆነ ሳንቲም አይቀመጥበትም። መፍትሄው ሳንቲሙን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ንጹሕ አሴቶን (ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ) አፍስሶ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም በአዲስ አሴቶን አለቅልቆ ሳያሹ በአየር ማድረቅ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽቶና ዘይት ስለሚጨመርበት በምትኩ ሊውል አይገባም። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ሥራው መስኮት ተከፍቶ፣ ከምድጃና ከማንኛውም እሳት ርቆ ይከናወን። የጸዳው ሳንቲም ማይላር የሚባለው ጥርት ያለ ስስ ፕላስቲክ በተገጠመለት የካርቶን መያዣ ወይም በጠንካራ ክብ ማቀፊያ ውስጥ ይቀመጣል። ካርቶኑ በስቴፕለር ሲታሸግ የሽቦው ጫፍ በፒንሳ ተጨፍልቆ መተኛት አለበት፤ ያለዚያ ጎን ለጎን ያለውን ሳንቲም ይቧጭራል።

አረንጓዴው ፈዘዝ ያለ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ሥሩ ከተቦረቦረ ግን ጨውና እርጥበት መዳቡን እየበሉት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሳንቲም ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ በየጊዜው በሚለወጥ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በሚገባ ደርቆ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር መቀመጥ ይኖርበታል። የተቦረቦረው ቦታ አይመለስም፤ የሚቻለው ጉዳቱ እንዳይሰፋ መግታት ብቻ ነው።

ምልክት፦ የብር ሳንቲም ጠቆረ

ለምሳሌ የምኒልክ ጠገራ (ትልቁ የብር ሳንቲም) ወይም 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የብር ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም) ሲጠቁር መንስኤው በአየር ውስጥ ያለ፣ ወይም ከላስቲክ፣ ከሱፍ ጨርቅና ከአንዳንድ ካርቶን የሚወጣ የድኝ ውህድ ነው። መፍትሄው ማስቀመጫውን መለወጥ እንጂ ሳንቲሙን ማጽዳት አይደለም። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ብር ለጊዜው ያብለጨልጫል፤ ሆኖም የላይኛው ገጽ ከነጥቃቅን መስመሮቹ ተጠርጎ ስለሚሄድ ልምድ ያለው ገዢ ወዲያውኑ ያውቀዋል፣ ዋጋውም በእጅጉ ይወድቃል። በእኩል የተሰራጨ ጥቁረት ለብሩ መከላከያም ጭምር በመሆኑ ባለበት እንዲተው አጥብቄ እመክራለሁ።

ምልክት፦ የጣት አሻራና ጭረት በዛ

የእጅ ላብና ቅባት መዳብ ላይ አሻራ ጥሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ሳንቲም ምንጊዜም በጠርዙ ይያዝ፣ ከሥሩም ለስላሳ ጨርቅ ይነጠፍ። ጭረት የሚመጣው ሁሉንም በአንድ ጣሳ ከማከማቸት ነው። በተለይ የ1969ኙ አንድ ሳንቲም ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል።

ምልክት፦ ሁሉም ሳንቲም አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ድግግሞሹም አልለይ አለ

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ነው። አንደኛው መንስኤ የግዕዝ ቁጥር ነው፤ ከአገልግሎት ብዛት በተፋቀ ሳንቲም ላይ ፲፱፻፴፮ እና ፲፱፻፷፱ በቀላሉ ይምታታሉ። የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን ምስል የያዘው የ1936ኙ፣ የአንበሳ ራስ ያለበት ደግሞ የ1969ኙ መሆኑን ካስተዋሉ ቁጥሩ ባይነበብም ይለያል። ከውጭ ካታሎግ ጋር ሲያስተያዩም የኢትዮጵያ ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው መንስኤ በሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ የተመታበት ዓመት አለመሆኑ ነው። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ እስከ ዘመናችን ድረስ ሲመታ ኖሮ ሁሌም የሚጻፍበት 1780 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ነው፤ 1936 የተጻፈባቸው ሳንቲሞችም ለብዙ ዓመታት በዚያው ዓመት ታትመዋል። ስለዚህ በዓመት ብቻ መደርደር ስብስቡን ያደባልቃል። በመጀመሪያ በዘመነ መንግሥት፣ ቀጥሎ በላዩ በተጻፈው ዋጋ፣ በመጨረሻም በቅርጽና በብረቱ ዓይነት መለየት ይሻላል። ስሙኒ ጥሩ ማሳያ ነው፦ የ1936ኙ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ሳለ በብር እየተለበጠ በብር ሽልንግ ስም ይታለፍ ስለነበር ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተከርክሞ ተመታ፤ ሁለቱ በአንድ ኪስ ከገቡ ይህ ሁሉ ታሪክ ይሸፈናል። ለቅርብ ጊዜዎቹ ማግኔት ያግዛል፤ በብረት ላይ የተለበጡት ይሳባሉ፣ ቀደምቶቹ ግን አይሳቡም። የተሳቡት ልባጣቸው ከተጫረ ስለሚዝጉ ከሲሊካ ጄሉ አይራቁ።

ለጠገራ ሚዛን ያስፈልጋል። የማሪያ ቴሬዛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ በግልጽ የጎደለ ወይም የበለጠ ከሆነ ከእውነተኞቹ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ሳንቲም ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ ዓመት፣ ክብደት፣ የተገኘበት ቦታና የተገዛበት ዋጋ በደብተር ይመዝገብ፤ ተራ ቁጥሩም በእርሳስ በካርቶን መያዣው ላይ ይጻፍ፣ የሚለጠፍ ወረቀት ግን ፈጽሞ ሳንቲሙ ላይ አይለጠፍ።