ባትሪው ሞልቶ ሳለ ካራቫኑ ለምን ይጨልማል?

ጅማ ለጥገና የሚመጡልኝ ተጎታች ካራቫኖች ችግራቸው በአብዛኛው አንድ ነው። አምፖሉ ይበራል፣ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ኢንቨርተር ይጮህና ይጠፋል። ባለቤቱ "ባትሪው ሞቷል" ብሎ አዲስ ይገዛል። እባካችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቮልቱን ለኩ።

ባለ አሲዱ የ12 ቮልት ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሹ አልቋል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ፍሪጁን አስነሱና ሁለት ቦታ ለኩ፤ አንዴ ባትሪው ፖል ላይ፣ አንዴ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ባትሪው ደክሟል። ባትሪው ጋ 12.3፣ ኢንቨርተሩ ጋ 10.6 ካያችሁ ግን ባትሪው ጤነኛ ነው። ቮልቱን መሀል ላይ የበላው ሞርሴቶ (ኬብሉን ከባትሪው ፖል ጋር የሚያስረው መያዣ) ወይም ኬብል አለ።

1000 ዋት በ220 ቮልት ከ5 አምፒር በታች ነው። በ12 ቮልት ግን ከ83 አምፒር ያልፋል። ይህን በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር የቤት ሽቦ የሚያሳልፉ ሰዎች ያናድዱኛል። ሽቦው ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት ነው። ለ1000 ዋት ኢንቨርተር 35 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል አስገቡ፤ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ፣ ኢንቨርተሩ ጋ አይደለም!

አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ካራቫኑን ይዞ የመጣው ባትሪ ከቀየረ በኋላ ነበር። ችግሩ አልለቀቀውም። ሞርሴቶውን ስፈታው ውስጡ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ሞልቶታል። በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጠብኩት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት፣ አድርቄ አጥብቄ አሰርኩት። የተጣለው አሮጌ ባትሪ ፍሪጁን አስነሳ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ የተናወጠ ብሎን ይላላል። ስትደርሱ አጥብቁ። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ ኔጌቲቩ የመጨረሻ ይሁን።

ሌላው ፎርጅድ ኬብል ነው። ከላይ መዳብ ይመስላል፣ በቢላ ስትፍቁት ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ይወጣል። ሻጩ ፊት ፍቃችሁ ግዙ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ኢንቨርተር ላይ አትሰኩ። ቡናችሁን በጋዝ አፍሉ፣ በር ከፍታችሁ፤ በከሰል ከሆነ ግን ከካራቫኑ ውጭ።

በጋዝ፣ በ12 ቮልትና በ220 የሚሠራ ፍሪጅ ካላችሁ፣ መኪናው ሲቆም ከ12 ቮልት አውጡት። ባትሪውን በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል።

ጄኔሬተሩ አቅም ካጣ፣ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ መሆኗን አስቡ። አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ አምስተኛ ያህል ኃይሉ ይቀንሳል፤ በ2000 ዋት ፋንታ 1600 ጠብቁ። ካራቫኑ ውስጥም ሆነ መስኮት ስር አታስነሱት። ጭሱ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላል። ደግሜ እላለሁ፣ በዝናብም ቢሆን ውስጥ አታስገቡት።

የመብራት ኃይልን መስመርና ኢንቨርተሩን አንድ ሶኬት ላይ አታገናኙ። መቀያየሪያ ስዊች ይግባ፤ ያለዚያ ኢንቨርተሩ ይቃጠላል።

ሶላሩ ክረምት ላይ ከደከመ ደመናው ነው። በጋ ላይ ከደከመ ግን ቀና ብላችሁ እዩ፤ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ፓኔሉን ክፉኛ ያዳክመዋል። ካራቫኑን ከዛፉ ስር አውጡት።