ቀጣሪን ማጣራት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ አሜሪካ ለገባችሁ

አንድ ልጅ ከአሜሪካ ደውሎ ሥራ ማግኘቱን ሲናገር፣ ደሴ ያለው ዘመድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይከፍሉሃል?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። የቤት ኪራይ ጊዜ አይሰጥም፤ ሙጋድ ወይም ቧንቧ ውሃ ተቀምጣ የወሩን መጨረሻ የምትጠብቅ እናትም አለች። ነገር ግን ዋሽንግተን ዙሪያ በመጋዘንና በሆቴል ሠርቼ ወደ ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ከእናንተ የሚደርሰኝ ስሞታ ስለ ክፍያ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። የሚበዛው «የሥራ ሰዓቴን በየሳምንቱ ይቀያይሩብኛል»፣ «አለቃዬ ሰው ፊት ትጮህብኛለች»፣ «ለኢድ ፈቃድ ስጠይቅ ፊቱ ተለወጠ» የሚል ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊታወቁ የሚችሉ ነበሩ።

ኪራይ የደረሰበት ሰው ሥራ እንዲያማርጥ አልመክርም። የተገኘውን ያዙ። ቢሆንም ምን ውስጥ እንደምትገቡ አውቃችሁ ስትገቡ፣ እስከ መቼ እንደምትቆዩም ታውቃላችሁ፤ ሁለተኛውን ሥራ መፈለግ የምትጀምሩበትን ጊዜ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የተቀጠረ የደሴ ልጅ የአለቃውን ጠባይ የሚማረው ቃለ መጠይቅ ላይ አይደለም። ገና ሳይነጋ፣ ሰርቪሱ ሐረጎን ሲወርድ ነው። ነባሩ ሠራተኛ ጋቢውን እንደተከናነበ ከኋላ ወንበር ሆኖ «የማታ ፈረቃ ከመደቡህ ያንን ረጅሙን ተጠንቀቅ፤ አምስት ደቂቃ ብታረፍድ የግማሽ ቀን ቀሪ ያደርግሃል» ይላል። ከፊት ያለችው ደግሞ «ኧረ ተው፣ እሱ ለቅሶ ሲደርስብህ ጠያቂ ነው፤ ክፉዋስ የዕቃ ግምጃ ቤቷ ናት» ብላ ታርመዋለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ እስክትደርሱ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትርፍ ሰዓት ማን እንደሚያስቀር፣ ማን እንደሚለመን ሁሉ ተነግሯችኋል።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ሰርቪስ የለም። ሁሉም በየመኪናው መጥቶ በየመኪናው ይሄዳል፤ አጠገባችሁ ስምንት ሰዓት የቆመው ሰው የት እንደሚኖር እንኳ ሳታውቁ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ ወሬውን ፈልጋችሁ ማግኘት የእናንተ ፋንታ ነው።

አንዱ መንገድ ፈረቃ በሚለወጥበት ሰዓት ወደ መኪና ማቆሚያው መሄድ ነው። ከሥራው ቦታ ውጭ ቆማችሁ የሚወጣውን ሰው ተመልከቱ። እየተጫወቱ ነው የሚወጡት ወይስ አንገታቸውን ደፍተው? ፈረቃው የሚያበቃበትን ሰዓት ካወቃችሁ፣ ሰዎቹ ከዚያ ስንት ደቂቃ ዘግይተው እንደሚወጡ አስተውሉ። መጋዘን ከሆነ መዘግየቱ ብዙውን ጊዜ የፍተሻ ሰልፍ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጠው ውሳኔ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍተሻ ተሰልፎ የሚቆምበት ጊዜ በፌዴራሉ ሕግ ክፍያ እንደማያስገኝ ደንግጓል። በቀን ሃያ ደቂቃ በነጻ መቆም በወር ሲደመር ቀላል አይደለም። ከዚያ አንዱን ጠጋ ብላችሁ «ሥራ ልጀምር ነው፤ እዚህ ከገባህ ስንት ጊዜህ ነው?» በሉት። የምትጠይቋቸው ሁሉ ገና ከሳምንታት በፊት የገቡ ከሆኑ ሌላ ጥያቄ አያስፈልጋችሁም።

ሁለተኛው መንገድ የአገር ልጅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በእድር የምታገኙት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ድርጅቶች አዲስ ሠራተኛ ላመጣላቸው ነባር ሠራተኛ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ አንዳንዴ የሚከፍሉት አዲሱ ሰው የተወሰኑ ወራት ሲቆይ ነው። «ና እኛ ጋ፣ አሪፍ ቦታ ነው» የሚላችሁ ወንድም ዋሽቷል ማለቴ አይደለም፤ ምስጋናውን ግን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ መዝኑት። ተባርሮ የወጣው ሰው እርግማንም እንዲሁ። ከሁለቱም «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» የሚለውን ሳይሆን የሆነ ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ወር ስንት ሰው ለቀቀ? የሥራ ሰዓት ሰሌዳው የሚወጣው መቼ ነው? የታመመ ሰው ሲደውል ማን ያነሳል፣ ምንስ ይለዋል? ግላስዶርና ኢንዲድ በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ሠራተኞች ስለ ቀጣሪዎቻቸው የሚጽፉትንም አንብቡ። እዚያ ላይ ምርቃቱንም እርግማኑንም ዘልላችሁ፣ በተለያየ ጊዜ የተጻፉ አስተያየቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውን አንድ ቅሬታ ፈልጉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ቢባል፣ ምክንያቱ ሕጉ ነው። አገር ቤት ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ከነክፍያው የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ለወለደች ሴት በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር። በተግባር ይጓደላል አይጓደልም ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የግል ቀጣሪ አንድም ቀን የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም። ለአዋቂ ሠራተኛ የምሳ ዕረፍት እንኳ አያዝም። የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕጉ 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ግን ያለ ክፍያ ነው፤ ያውም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ዓመት ለቆየና 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው። ከሞንታና በስተቀር በየክልሉ ቀጣሪው ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበት ይችላል። አንዳንድ ክልሎችና ከተሞች የተሻለ ሕግ አላቸውና የምትኖሩበትን ክልል የሠራተኛ ቢሮ ድረ ገጽ ተመልከቱ። በሌላው ቦታ ግን ሕጉ ዝም ያለበትን ሁሉ የሚሞላው የቀጣሪው ልማድ ነው፤ መመዘን ያለባችሁም ያንን ልማድ ነው።

ወደ ቃለ መጠይቁ እንምጣ። የቀጣሪው ፈገግታና «ስሜን ብቻ ጥራኝ» ማለቱ ምንም አይነግራችሁም። ሥራ አስኪያጁን በስሙ መጥራት እዚያ አገር የተለመደ ነው፤ በስሙ እየጠራችሁት በማግስቱ ሊያሰናብታችሁ ይችላል። በአንጻሩ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲላችሁ በይሉኝታ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ማለት ጨዋነት ሆኖ አይታይላችሁም፤ ሥራውን የማትፈልጉት ይመስላል። የእኛ ሰው ደጋግሞ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ የእናንተ ነው፣ ተጠቀሙበት።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው «ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ የነበረው ሰው ወዴት ሄደ?» ብዬ ነው። አድጎ ከሆነ ይነግሯችኋል፤ ደስ እያላቸው። ለቅቆ ከሆነ ለምን እንደለቀቀ የሚሰጡትን መልስ ስሙ፤ ሰውየውን ማማት ከጀመሩ ነገ የምትታሙት እናንተ ናችሁ። ቀጥሎ የሰዓት ሰሌዳው ከስንት ቀን በፊት እንደሚወጣ፣ ከወጣ በኋላ ይለወጥ እንደሆነ፣ ሠራተኞች ፈረቃ መለዋወጥ ይችሉ እንደሆነ። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወይም ልጅ ላለው ሰው ይህ በሰዓት ክፍያ ላይ ከሚጨመር አንድ ዶላር ይበልጣል።

«እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን» የሚል ቀጣሪ ያጋጥማችኋል። የወሎ ሰው ቤተሰብ ሲባል ድንኳን ውስጥ አብሮ የሚያድር፣ ቡና አፍልቶ የሚያጽናና ሰው ነው የሚታየው። ስለዚህ በትሕትና «ሐዘን የደረሰበት ሠራተኛ ስንት ቀን ይሰጠዋል?» በሏቸው። የፌዴራሉ ሕግ ለሐዘን የሚከፈልበት ፈቃድ አያስገድድም፤ ብዙ ድርጅቶች ግን በራሳቸው ደንብ ጥቂት ቀናት ይሰጣሉ፣ ያም አብዛኛውን ጊዜ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለትዳር ጓደኛና ለወንድም ለእህት ነው። አጎት ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ያሳደገቻችሁ አክስትም አትቆጠርም። መርዶ በመጣ ጊዜ ከአለቃ ጋር ከመጣላት፣ ደንቡን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። በበኩሌ «ደንቡ ሦስት ቀን ይላል፣ ግን ባለፈው አንዱ አያቱ ሲሞቱ አመቻችተንለታል» ብሎ የሚመልስ አለቃ፣ «ቤተሰብ ነን» ብሎ ከሚያቆመው በእጅጉ ይሻለኛል።

የሃይማኖት ነገር ለእኛ ለብቻው መነሳት አለበት። ደሴ ላይ በኢድ ክርስቲያኑ፣ በገና ሙስሊሙ የሥራ ባልደረባውን ተክቶ ሲገባ አድገናል፤ ማንም ደንብ አላወጣለትም። አሜሪካ ውስጥ ጥር 11 ተራ የሥራ ቀን ነው፤ የጁምዓ ሰዓትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ግዴታ እንዲያመቻች ያዛል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ያስተላለፈው ውሳኔ ደግሞ ቀጣሪው አልችልም ለማለት በሥራው ላይ የሚደርሰው ጫና ከባድ መሆኑን ማሳየት እንዳለበት አጠናክሯል። ጉዳዩን ለማንሳት የሚመቸው ጊዜ የሥራ ስጦታው ከመጣ በኋላ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ነው። መብቱ በወረቀት አለ ብላችሁ ግን አትተኙ። እዚያ የሚሠራ ሙስሊም ፈልጋችሁ የት እንደሚሰግድ ጠይቁት። «ዕቃ ቤት ውስጥ ተደብቄ» ካለ አንድ ነገር ነው፤ «አለቃዬ ራሷ ክፍል አሳየችኝ» ካለ ሌላ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ለመጻፍ የሚያፍርበት ነገር። አዲስ የገባ ሰው የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ የራሳችን ሰው ምግብ ቤት፣ ሱቅ ወይም ማደያ ነው። ቋንቋው ይገባችኋል፣ እንጀራው አለ፣ ባለቤቱን «ጋሼ» ትላላችሁ። ችግሩም ይኸው ነው፤ ጋሼ ያላችሁትን ሰው «የትርፍ ሰዓቴስ?» ማለት አይቻላችሁም። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ የሰዓት ተከፋይ አንድ ከግማሽ እንዲከፈል የፌዴራል ሕግ ያዛል፤ ጋሼም ከዚህ ሕግ ነጻ አይደሉም። በጣም ደግ የሆኑ፣ መኪና መንዳት አስተምረው ቤት አፈላልገው ሰው ያደረጉ የአገራችን ቀጣሪዎች አውቃለሁ። በእጅ ከፍለው ወረቀት የማይሰጡም አውቃለሁ። የምትለዩበት መንገድ ለፈረንጁ ከምትጠቀሙበት የተለየ አይደለም፦ የተሠራው ሰዓት የተጻፈበት የክፍያ ወረቀት በየጊዜው ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? በመጀመሪያው ቀን፣ ፍቅሩ ትኩስ እያለ፣ ጠይቁ።

ስለ ወረቀት ከተነሳ፣ ወዲያው ወደ ኋላ ሊያስብሏችሁ የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ፓስፖርታችሁን «እኔ ጋ ይቀመጥ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ውጡ። ለመሥራት የተፈቀደላችሁ መሆኑን የሚያረጋግጠውን የአይ-9 ቅጽ ስትሞሉ ተቀባይነት ካላቸው ሰነዶች የትኛውን እንደምታቀርቡ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ «ግሪን ካርድ ካላየሁ» ብሎ መድረቅ አይፈቀድለትም። ሰዓታችሁን እየወሰነ፣ ዩኒፎርም አልብሶ፣ ሥራውን እያዘዘ «አንተ የግል ተቋራጭ ነህ፣ 1099 ነው የምሰጥህ» (ለተቋራጭ የሚሰጥ የግብር ቅጽ ነው) የሚል ቀጣሪ ግብሩንና ኃላፊነቱን ወደ እናንተ ሊያሻግር ስለፈለገ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቃችሁ አጣሩ። «ደመወዛችሁን እርስ በርስ እንዳታወሩ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁም፣ አብዛኛው የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለ ክፍያው ከባልደረባው ጋር የመነጋገር መብቱ እ.ኤ.አ. በ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የተጠበቀ ነው። እንዲህ ዓይነት ክልከላ የሚለጥፍ ቤት የሚደብቀው ነገር አለው።

ከገባችሁ በኋላ ማጣራቱ አያልቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አለቃው ከእናንተ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ሳይሆን ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር አስተውሉ፤ እናንተ ገና እንግዳ ናችሁ፣ እሷ ግን ነባር ናት። ዕቃ ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ሰበረው?» ነው ወይስ «ሰው ተጎዳ?»። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ደብተር በየቀኑ ጻፉ፤ ከክፍያ ወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ልዩነት ካለ መጀመሪያ በሰላም ጠይቁ። ስሕተት ነው ብሎ የሚያስተካክል አለ፤ ጠያቂውን ጥርስ የሚነክስበትም አለ።

አልስማማ ካላችሁ ያለ ጠብ ውጡ። ሥራ ከመልቀቅ በፊት የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ መስጠት በአብዛኛው ሥራ ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው፤ ቢሆንም ቀጣዩ ቀጣሪ ደውሎ ሊጠይቅ ይችላልና አክብሩት፤ አዲሱ ሥራ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ግን ማስታወቂያውን አትስጡ። ከመውጣታችሁ በፊት የክፍያ ወረቀቶቻችሁን ሁሉ በእጃችሁ አስገቡ፣ ቤት ከቀየራችሁም አዲሱን አድራሻ ለሰው ኃይል ክፍሉ አስመዝግቡ፤ ለግብር የሚያስፈልጋችሁን የደብሊው-2 ቅጽ ቀጣሪው እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ መላክ አለበት፣ የሚልከውም መዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ ነው።