የልብስ ማጠቢያ ክፍል ግድግዳ ለምን ይላጣል? ችግርና መፍትሄ

ቤት ሲታደስ ለልብስ ማጠቢያ ክፍሉ የሚደርሰው ከሳሎን የተረፈው ቀለም ነው። ክረምት ሲገባ መላጥ ይጀምራል። ሰው ሁሉ ቀለሙን ይረግማል። ቀለሙ ምን ያድርግ? መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው።

ቀለሙ አብጦ ይላጣል

ያበጠውን በጣት ጫን አድርጉት። ሥሩ ከለሰለሰና እንደ ዱቄት ከረገፈ ጂፕሰም ነው። ጂፕሰም ግድግዳ ያሳምራል፣ ውሃ ግን አይችልም። እላዩ ላይ ደርቦ መቀባት ብር መጣል ነው። ሲሚንቶው እስኪገኝ ተፍቆ ይውጣና በሲሚንቶ ይለሰን። አዲሱ ልስን 4 ሳምንት ያህል ይድረቅ። ቀለም ቀቢው «ሦስት ቀን ይበቃዋል» ቢላችሁ አትስሙት።

ነጭ ዱቄት ይወጣል

ይህ ጨው ነው። ውሃ በብሎኬቱና በልስኑ ውስጥ ሲያልፍ ጨው ያሟሟል፤ ላይ ደርሶ ሲተን ጨውን ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን እዩት። ከዞረ የሚያፈስ መስመር አለ። ካልዞረ ከጀርባ ያለውን ሻወር ወይም የፍሳሽ መስመሩን ጠርጥሩ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፤ በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይሰርጋል። ፍሳሹ ሳይጠገን ዘይት ቀለም መቀባት ደግሞ ውሃውን ውስጥ ቆልፎ እብጠቱን ያባብሳል።

ጥቁር ነጠብጣብና የሻጋታ ሽታ

ቁራጭ ፌስታል ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ጎን በስኮች አሽጉት። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ላቡ ከፌስታሉ ውጪ ከሆነ የክፍሉ እንፋሎት ነው። ከውስጥ በኩል ከሆነ ግድግዳው ራሱ ረጥቧል። እንፋሎት ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ካልሆነም አየር ማስወጫ ፋን አስገቡ። ሻጋታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና አጽዱት። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሲደርቅ የሚታጠብ፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ቀለም ቀቡት።

ሴራሚኩ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል

ማጣበቂያው እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ተደርጎ ነው የተለጠፈው። ተነቅሎ ማጣበቂያው ሙሉ በሙሉ ተዳርሶ ይመለስ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ከማሽኑና ከመታጠቢያው ጀርባ እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ሴራሚክ፣ ከዚያ በላይ የሚታጠብ ቀለም። እስከ ጣሪያ ሴራሚክ ማድረግ ለእኔ ትርፍ ወጪ ነው። የፕላስቲክ ፓነል ርካሽና ፈጣን ነው፤ ከጀርባው የሚሆነውን ግን ይደብቃል፣ እኔ አልወደውም። ሴራሚኩ መታጠቢያውን የሚነካበትን ጠርዝ በሲሊከን ዝጉት። ስትገዙም ጥቂት ትርፍ ያዙ። ነገ ቧንቧ ለመጠገን ግድግዳው ቢፈርስ ያንኑ ዓይነት ገበያ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ።