ሽጉጥ ይዞ ወደ አሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ፦ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የሚጣሩ ነገሮች

ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሽጉጥ መታጠቅ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? በአሜሪካ ይህ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። የፌዴራል ሕጉ መልሶ "አሁን የቆሙት የትኛው ስቴት ውስጥ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ጠዋት በቨርጂኒያው ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ በፈቃድ ከልብስዎ ስር የታጠቁት ሽጉጥ ማታ ዋሽንግተን መሐል ሊያሳስርዎ ይችላል። ሁለቱንም ቦታ የሚያስተዳድረው ግን ያው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። እዚህ የተጻፈው በይበልጥ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ለሚኖሩ ይጠቅማል፤ ሌላ ስቴት ያላችሁም አካሄዱን ወስዳችሁ የራሳችሁን ስቴት ሕግ አስገቡበት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ እዚህ የደረሰው እንዴት ነው?

ከ1983 ጀምሮ የነበረው ደንብ አደን ከሚፈቀድባቸው ጥቂት ቦታዎች በቀር በሁሉም ፓርክ አንድ ዓይነት ነበር፤ ጥይቱ ይወጣል፣ መሣሪያው ተጠቅልሎ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። የቡሽ አስተዳደር በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ ታኅሣሥ 2008፣ በስቴቱ የመታጠቅ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ደንቡን አላላው። የመሣሪያ ቁጥጥር እንዲጠብቅ የሚታገለው የብሬዲ ዘመቻ፣ የብሔራዊ ፓርኮች ጥበቃ ማኅበርና የፓርክ አገልግሎት ጡረተኞች ከሰሱ። በመጋቢት 2009 ዳኛ ኮሊን ኮላር-ኮተሊ "የአካባቢ ተጽዕኖው አልተጠናም" ብለው አዲሱን ደንብ አገዱት። ከዚያ የኦክላሆማው ሴናተር ቶም ኮበርን ጉዳዩን በማይገናኘው ሕግ ላይ፣ የክሬዲት ካርድ ደንበኞችን ለመጠበቅ በወጣው ረቂቅ ላይ ለጠፉት። ሴኔቱ 67 ለ29 ደገፈው፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ ግንቦት 22 ቀን 2009 ከነተለጣፊው ፈረሙ፤ የካቲት 22 ቀን 2010 ሥራ ላይ ዋለ።

ደጋፊዎቹ "ሕግ አክባሪ ሰው የስቴት መስመር በማያይበት ጫካ ውስጥ ሳያውቅ ወንጀለኛ መሆን የለበትም" ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሕገወጥ አደንን፣ የሬንጀሮችን (የፓርክ ጠባቂዎችን) ደኅንነትና በሞቅታ የሚነሳ ጠብን ያነሱ ነበር። በእኛ ግምት ሕጉ ክርክሩን አልዘጋውም፤ ወደ ሃምሳ ስቴቶች በተነው እንጂ። የድሮው ደንብ ጥብቅ ቢሆንም አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። የዛሬው ልል ነው፤ ለመንገደኛ ግን ይበልጥ አሳሳች ነው። ሕጉ ራሱ አጭር ነው፦ መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ ሰው፣ ፓርኩ ያለበትን ስቴት ሕግ እስካከበረ ድረስ፣ የፓርክ አገልግሎቱ አይከለክለውም። የዱር እንስሳት መጠለያዎችም በዚሁ ሕግ ተካተዋል።

አንደኛ፦ ራስዎን ይመርምሩ

ስቴቱ ምንም ቢል የፌዴራል ሕግ መሣሪያ እንዳይነኩ የሚከለክላቸው ሰዎች አሉ። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የተፈረደበት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ቀላል በሚባለው ደረጃም ቢሆን የተፈረደበት፣ በፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ስር ያለ ሰው ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለእኛ ማኅበረሰብ ግን ሁለት ነጥቦች ጠለቅ ብለው መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ ይችላል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ልዩነቶች ካልያዙት በቀር፣ አይችልም። ወረቀት የሌለውም አይችልም። የጥገኝነት ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር አይሞክረው። ብዙዎች የማይጠረጥሩት "መያዝ" የሚለው ቃል ባለቤትነት ማለት አለመሆኑን ነው። ከአዲስ አበባ በጉብኝት ቪዛ የመጣ ዘመድ ለፎቶ ብሎ ሽጉጥዎን ቢጨብጥ ችግሩ ለሁለታችሁም ነው፤ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ደግሞ ማስረጃ ይሆናል። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር እንደሚችል ሕጉ በግልጽ ይናገራል። ለዜጋ በቅጣት የሚያልፍ ስህተት ለግሪን ካርድ ባለቤት ሕይወቱን ሊያናጋ ይችላል።

ሁለተኛው ዕፅ ነው። ማሪዋና በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለአዋቂ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ተጠቃሚው መሣሪያ መያዝ አይችልም። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ከሄሮይን ጋር በአንድ ሰንጠረዥ የተመደበ ነው። "ቅጠል ነው፣ እንደ ቡና ነው" የሚለው ክርክር መሣሪያ ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛ፦ መስመሩን በካርታ ላይ ያግኙ

የፓርኩን ስም ብቻ አይመኑ። የሎውስቶን በአብዛኛው ዋዮሚንግ ቢሆንም ጠርዞቹ ሞንታናና አይዳሆ ውስጥ ናቸው። ግሬት ስሞኪ በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና መካከል ተከፍሏል። ዴዝ ቫሊ በአብዛኛው ካሊፎርኒያ ነው፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ የሌላ ስቴት የመታጠቅ ፈቃድ አይቀበልም፤ ከኔቫዳ በኩል የሚገቡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በአካባቢያችን ዋናው ወጥመድ ሃርፐርስ ፌሪ ነው። ከተማው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ እዚያ 21 ዓመት የሞላው ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ሸሽጎ መታጠቅ ይችላል። ከታችኛው ከተማ ተነስተው የባቡር ድልድዩን በእግር ተሻግረው ወደ ሜሪላንድ ሃይትስ ኮረብታ ሲወጡ ግን ሜሪላንድ ገብተዋል። ሜሪላንድ የማንንም ስቴት ፈቃድ አይቀበልም፤ የራሱን ለማግኘት ለጀማሪ የ16 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። የከተማውን ዝነኛ ፎቶ ከላይ ለማንሳት ከታችኛው ከተማ የሚወጣው ሁሉ በዚያው ድልድይ ነው የሚያልፈው፤ ድልድዩ ላይ የሚያስቆምዎት ማንም የለም።

የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ደግሞ ለብዙዎቻችን የሥራ መንገድ እንጂ ፓርክ አይመስለንም። መንገዱ፣ ግራቬሊ ፖይንትና የቨርጂኒያው ግሬት ፎልስ ሁሉም የፓርክ አገልግሎት ይዞታ ናቸው፤ እነዚህ ቦታዎች ላይ የቨርጂኒያ ሕግ ይሠራል። ነገር ግን ከአርሊንግተን መታሰቢያ ድልድይ አጠገብ መንገዱ ኮሎምቢያ ደሴትን ያቋርጣል፤ ደሴቱ ከፔንታጎን ማዶ ቢሆንም መሬቱ የዲሲ ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴትም እንዲሁ፤ መኪና የሚያቆሙት ቨርጂኒያ ዳር ነው፣ የእግር ድልድዩን ተሻግረው የሚረግጡት ዲሲን ነው። ዲሲ የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበልም። የራሱን ፈቃድ ለያዘ ሰው እንኳ በናሽናል ሞልና በታይዳል ቤዝን ዙሪያ ያሉ መታሰቢያዎችን፣ የኋይት ሐውስንም አካባቢ ከልክሏል። የቼሪ አበባ ለማየት ሲሄዱ ሽጉጡ ቤት ይቅር።

ዲሲን ማቋረጥ ግድ ከሆነ የፌዴራሉ የማለፊያ ሕግ ይረዳል፤ የሚረዳው ግን መነሻዎም መድረሻዎም ላይ መሣሪያው ሕጋዊ ከሆነ ብቻ ነው። ጥይት ያልጎረሰ ሽጉጥ፣ ካዝናው ተነቅሎ፣ ጥይቱም ሽጉጡም ከመቀመጫዎ እጅ የማይደርስበት ትራንክ ውስጥ። ትራንክ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሳጥን፤ የክሩስኮቱ መሳቢያና በመቀመጫዎች መሐል ያለው ኪስ ቢቆለፉም አይቆጠሩም። መንገድ ላይ ምሳ ለመብላት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከቆሙ "እያለፍኩ ነበር" የሚለው መከላከያ ይላላል።

ሦስተኛ፦ የማይገባባቸው ሕንፃዎች

የ2009ኙ ሕግ የፌዴራል ሕንፃዎችን አልነካም። የፌዴራል ሠራተኛ በመደበኛነት የሚሠራበት ሕንፃ፣ የጎብኚዎች ማዕከል፣ የሬንጀር ጽሕፈት ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ከነሽጉጥ አይገባበትም፤ ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርሳል። በበሩ ላይ ምልክት መኖር አለበት፤ የፌዴራል ሕጉን ርዕስ 18 ቁጥር 930ን የሚጠቅስ ወረቀት ካዩ ትርጉሙ ይኸው ነው። ስለቱ 2 ተኩል ኢንች የሞላ ቢላዋም አብሮ ይከለከላል። በግል ድርጅት የሚተዳደሩ ሎጆችና ሬስቶራንቶች በዚህ ሕግ ላይጠቃለሉ ይችላሉ፤ ባለቤቱ የሚለጥፈውን ማየት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሬስቶራንት ገብቶ አልኮል እየጠጡ ሽጉጥ ሸሽጎ መታጠቅ በራሱ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ጉዞውን ሲያቅዱ ሕንፃዎቹን አስቀድመው ይቁጠሩ። ሼናንዶዋ ውስጥ 105 ማይል በሚረዝመው የስካይላይን ድራይቭ ላይ ከሰሜን ሲገቡ የመጀመሪያው ማዕከል ዲኪ ሪጅ ከ5ኛው ማይል በፊት ነው፤ ቀጣዩ የቢግ ሜዶውስ ነው። ልጆቹ ካርታና ማኅተም ፈልገው መግባታቸው አይቀርም። አንዱ አዋቂ ውጭ ይቆያል ወይም ሽጉጡ መኪና ውስጥ ይቆለፋል።

አራተኛ፦ መኪና ውስጥ መቆለፍ

የእግር ጉዞ መነሻ ላይ የቆመ መኪና ለሌባ የተመቸ ነው፤ ባለቤቱ ለሰዓታት እንደማይመለስ ይታወቃል። የሚሠራው መፍትሔ ወፍራም የብረት ሳጥን ከብረት ገመድ ጋር ነው፤ ገመዱ በመቀመጫው የብረት እግር ዙሪያ ተጠምጥሞ ይቆለፋል። ሳጥኑ ብቻውን ከሆነ ሌባው ከነሳጥኑ ይወስደዋል። ሽጉጡን ከማኅደሩ እየመዘዙ ሳጥን ውስጥ አይክተቱ፤ ማኅደሩን ከቀበቶው ፈትተው ከነሽጉጡ ያስቀምጡ። ቃታው እንደተሸፈነ ስለሚቆይ ጠባብ መኪና ውስጥ ከሚያመልጥ ጥይት ያድናል። ይህን ሰው በተሰበሰበበት ማቆሚያ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ገለል ብለው ያድርጉት። መኪናው ላይ የጦር መሣሪያ ስቲከር ካለ ይላጡት፤ ለሌባው ማስታወቂያ ነው።

ፈቃድ የሌለው ሰው በቨርጂኒያ ሽጉጡን በመኪናው ውስጥ በተዘጋ ሳጥን ወይም መሳቢያ ማስቀመጥ ይችላል። ከመኪናው ወርዶ ጃኬት ስር ሲከተው ነው ጥፋቱ የሚጀምረው።

አምስተኛ፦ በእግር ላይ

የጀርባ ቦርሳ የወገብ ማሰሪያ ቀበቶ ላይ ያለውን ማኅደር ይጫነዋል፣ ቆዳም ይልጣል። ስለዚህ ብዙ ተጓዦች በደረት ላይ የሚታሰረውን ይመርጣሉ፤ እሱ ግን ተሸሽጎ መሆኑ ይቀራል፣ የስቴቱ ሕግ በግልጽ መታጠቅንም መፍቀዱን ያረጋግጡ። ቦርሳ ውስጥ መክተት ቦርሳው ዛፍ ሥር በተቀመጠ ቁጥር ሽጉጡን ከእጅ ማውጣት ነው። ሌላው የታወቀ ስህተት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይፈጸማል፦ ሽጉጡን መንጠልጠያ ላይ ወይም የወረቀት ማስቀመጫው ላይ አኑሮ መውጣት። ከማኅደሩ አይውጣ፤ ሱሪው ሲወርድ አብሮ እዚያው ይቆይ።

ፈቃዱና መታወቂያው እላይዎ ላይ ይሁኑ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ሲጠይቅ ሁለቱንም ማሳየት ግዴታ ነው። ዲሲ ውስጥ ፖሊስ ሲያስቆምዎ መታጠቅዎን ራስዎ መናገር አለብዎት። ሬንጀርም የፓርክ ፖሊስም ሙሉ የፖሊስ ሥልጣን አላቸው። መኪና ውስጥ ከሆኑ ሁለቱም እጆች መሪው ላይ ይሁኑ፤ በመጀመሪያ "ፈቃድ አለኝ፣ ሽጉጥ ታጥቄአለሁ፣ ምን ላድርግ?" ይበሉ፤ ወረቀት ለማውጣት ወደ ኪስ መሮጥ አይገባም።

ስድስተኛ፦ ድብ ሲመጣ

መያዝ ተፈቀደ ማለት መተኮስ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ከተፈቀደ አደን ውጭ ፓርክ ውስጥ መተኮስ እንደተከለከለ ነው፤ ኢላማ መለማመድም፣ "ለማስፈራራት" ወደ ሰማይ መተኮስም። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት ዓመት፣ በግንቦት 2010፣ በአላስካው ዴናሊ ፓርክ ውስጥ አንድ ተጓዥ በሽጉጥ ግሪዝሊ ድብ ገድሎ ነበር፤ ክርክሩም ወዲያው አገረሸ።

የድብ ስፕሬይ (ድብን የሚያቃጥል በርበሬ የሚረጭ ቆርቆሮ) ለአብዛኛው ሰው የተሻለ ምርጫ ነው። ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ በ2008 ባወጡት የአላስካ ጥናት ስፕሬዩ ቡናማ ድቦችን ከመቶ 92 ጊዜ አስቁሟል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እየሮጠ በሚመጣ ድብ ላይ በጥይት ከሚያነጣጥር ይልቅ ደመና መዘርጋት ይቀለዋል። ድቡ ከ9 እስከ 18 ሜትር ሲደርስ ወደ ፊቱ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው ይርጩ። ቆርቆሮው ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ወገብ ላይ ይሁን። አውሮፕላን ላይ በእጅም በሻንጣም አይጫንም፣ እዚያው ሲደርሱ ይገዛል። የካሊፎርኒያው ዮሴሚቲ ፓርክ ግን ስፕሬዩን ይከለክላል። የሎውስቶን ውስጥ ከድብና ከተኩላ 100 ያርድ መራቅ ግዴታ ነው።

ከመሄድዎ በፊት ባለው ምሽት

የፓርኩ ድረ ገጽ ላይ "ሕጎች" በሚለው ክፍል ስለ መሣሪያ የተጻፈውንና የፓርኩ ኃላፊ የሚያወጣውን ዓመታዊ የደንብ ስብስብ ያንብቡ፤ ከዚያ የስቴቱን ፖሊስ ገጽ። ባለፈው በጋ ያነበቡት በቂ አይደለም፤ የቨርጂኒያ አዳዲስ ሕጎች በአብዛኛው በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን፣ የሜሪላንድ ብዙዎቹ ጥቅምት 1 ቀን ሥራ ላይ ይውላሉ።